ከ‹‹ምን ልታዘዝ?›› ወደ ማርኬቲንግ ክፍል፤ መንገዱ አለ ወይ?

አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ በነበረበት ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይደረደር ነበር። ጋዜጣው የሚገለጠው ከፊት ገጹ አይደለም፤ ከመሃሉ፣ ከክፍት የሥራ ቦታው ነው። ዛሬ ማስታወቂያው ከወረቀት ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል፤ ፈላጊውም ስልኩ ላይ አጎንብሷል። የሚነበበው ግን ብዙም አልተለወጠም። ‹‹ጀማሪ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ››፣ ‹‹የሽያጭ ሠራተኛ››፣ ‹‹ጀማሪ የባንክ ባለሙያ››፣ ‹‹እንግዳ ተቀባይ››። አልፎ አልፎ ደግሞ ‹‹ማርኬቲንግ ኦፊሰር›› የሚል ዓይን የሚስብ ርዕስ ብቅ ይላል። ዝርዝሩ ሲነበብ ሥራው ያው ዕቃ ይዞ መዞር፣ ደመወዙም ‹‹በስምምነትና በኮሚሽን›› ሆኖ ይገኛል።

ለመሆኑ ከእንዲህ ያለ ወንበር ተነስቶ የማርኬቲንግ ባለሙያ መሆን ይቻላል? ወይስ ‹‹ለጊዜው ልያዘው›› ተብሎ የተጀመረ ሥራ እዚያው ያስረጃል?

ጥያቄው የወጣቱ ብቻ አይደለም። የወጣቱ ኪሳራ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። የነጋዴው ኪሳራ ግን በየዓመቱ የሚደገም ነው፤ ደንበኛውን የሚያውቀው ሠራተኛ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ለማስታወቂያ የሚወጣውን ገንዘብ የሚመድበው ደንበኛ አይቶ የማያውቅ ሰው ነውና። በመሆኑም ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ማየት ተገቢ ነው።

ሽያጭና ማርኬቲንግ አንድ አይደሉም

በከተማችን የነጋዴ አነጋገር ‹‹እገሌ ማርኬቲንግ ነው የሚሠራው›› ሲባል ብዙውን ጊዜ ‹‹ሻጭ ነው›› ማለት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የሻጩ ጥያቄ ‹‹ይህን ዕቃ ለዚህ ሰው ዛሬ እንዴት ልሽጥ?›› የሚል ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያው ጥያቄ ደግሞ ‹‹ለየትኛው ደንበኛ፣ ምን ዓይነት ዕቃ፣ በስንት ዋጋ፣ በየትኛው ሱቅ፣ በምን መልእክት ቢቀርብ ነገ ሳይለመን ይገዛል?›› የሚል ነው። አሜሪካዊው የማርኬቲንግ መምህር ጀሮም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ይህንኑ በአራት ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ማከፋፈያ ቦታ እና ማስተዋወቅ። ዛሬም በየኮሌጁ የሚሰጠው ትምህርት የሚጀምረው ከእነዚህ አራቱ ነው።

እንግዲህ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ በአራቱም ላይ ሥልጣን የለውም። ዋጋ አይቆርጥም፣ ማሸጊያ አይመርጥም፣ ቅርንጫፍ አይከፍትም፣ ማስታወቂያ አያዝም። ይሁን እንጂ በአራቱም ላይ የሚነሳውን ቅሬታ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ዋጋው የከበደው ደንበኛ ፊቱን የሚያጨፈግገው ለሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ ለእሱ ነው። ‹‹አነስ ያለ የለም?›› ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ‹‹እነ እገሌ ጋ በዱቤ ይሰጡኛል›› የሚባለውም ለእሱ ነው። ሥልጣኑ ፎቅ ላይ፣ ወሬው ደግሞ ምድር ቤት ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ነገር ከሌላ መጽሐፍ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ፍሬድሪክ ሃይክ በ1945 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዕውቀት እንዳለ፣ ይህንንም ማዕከል ላይ የተቀመጠ ዕቅድ አውጪ ሰብስቦ ሊይዘው እንደማይችል ይከራከራል። ሃይክ የሚተቸው የመንግሥትን ማዕከላዊ ዕቅድ ነበር። ነገር ግን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ የመርካቶን ገበያ የሚያቅድ የግል ድርጅትም ከዚህ ችግር አያመልጥም።

ደንበኛ ይለምን ከነበረበት ዘመን ወዲህ

የእኛ አገር ማርኬቲንግ ዕድሜው አጭር ነው። በደርግ ዘመን ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ስለነበር፣ የሚለምነው ደንበኛው እንጂ ሻጩ አልነበረም። ዕቃ ራሱ በጠፋበት ገበያ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ማጥናት ትርፍ ሥራ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ አዋሽ በ1987፣ ዳሸንና አቢሲኒያ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. በራቸውን ከፈቱ። ከደርግ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ‹‹የትኛው ባንክ ልሂድ?›› ብሎ መምረጥ ቻለ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውድድሩ እየጠበበ ሳይሆን እየሰፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ሲከለክል፣ የቢራ ፋብሪካዎች ሸክም ከስቱዲዮ ወደ አከፋፋዩና ወደ ግሮሰሪው በር ዞረ። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በአዲስ አበባ ሲጀምር የስልክ ደንበኛ አማራጭ አገኘ። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። በታህሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በሩን ከፈተ።

ይህ ሁሉ ምን ያመለክታል? ዕቃ ስላለ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜ እያለፈ ነው። ከውጭ የሚገባው ተወዳዳሪ ካፒታልና ቴክኖሎጂ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሰባተኛን ባለ ሱቅ ጠባይ፣ የእቁብ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ደንበኛ በፍልሰታ ፆም ምን መግዛት እንደሚያቆም ግን ይዞ አይመጣም። ይህን የሚያውቀው ባንኮኒ ላይ ያለው የእኛው ሰው ነው። ዋጋ ያለው ዕውቀት ነው፤ ጥያቄው ዋጋውን ማን ያስከፍልበታል የሚለው ነው።

ምድጃ ሻጩና ደብዳቤ አመላላሹ

መንገዱ እንዳለ ለማሳየት በማስታወቂያ ሙያ ታሪክ ሁለት ሰዎች ይጠቀሳሉ።

አንደኛው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦግልቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ‹‹አጋ›› የሚባል የማብሰያ ምድጃ ቤት ለቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር። ጥሩ ሻጭ ሆኖ በመገኘቱ አሠሪዎቹ ለሌሎቹ ሻጮች መመሪያ እንዲጽፍላቸው ጠየቁት፤ በ1935 ጻፈው። በር ሲከፈት ምን እንደሚባል፣ የቤት እመቤት ምን ብላ እንደምትከራከር፣ መልሱ ምን እንደሆነ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነበር። ወደ ማስታወቂያ ድርጅት መግቢያ የሆነው ያ ጽሑፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ወንድሙ በዚያው ለንደን በሚገኘው የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ስለነበር ዘመድ አላጣም። ይሁን እንጂ ዘመዱ ሊያሳይለት የሚችል ወረቀት በእጁ ነበር። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ውስጥ ሠራ፤ በ1948 ኒውዮርክ ላይ የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ሁለተኛው ኒል ማክኤልሮይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሃርቫርድ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በተባለው የሳሙና ኩባንያ የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመረው ደብዳቤ በማመላለስ ነው። በ1931 ካሜይ የተባለው ሳሙና በራሱ ኩባንያ ሌላ ሳሙና፣ በአይቮሪ ጥላ ሥር ወድቆ ሲያይ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ለእያንዳንዱ ምርት ኃላፊ ሰው ይመደብ፤ ሰውየውም ሽያጭ የደከመበት አካባቢ ራሱ ሄዶ ባለ ሱቁንና ገዢውን ያነጋግር የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ዛሬ ‹‹ብራንድ ማናጀር›› የሚባለው የሥራ መደብ የተወለደው ከዚያ ማስታወሻ ነው። ማክኤልሮይ በ1948 የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ በ1957 ደግሞ የአገሩ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ያሻገራቸው የመጀመሪያ ሥራቸው አይደለም። በዚያ ዘመን ምድጃ የሚሸጥ፣ ደብዳቤ የሚያመላልስ ሌላም ብዙ ነበር። ያሻገራቸው ያዩትን መጻፋቸው ነው። ሽያጭ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ይረሳል። ወረቀት ግን ወደ ላይ መውጣት ይችላል።

መሰላሉ የት ያደርሳል?

ፒተር ዶሪንገርና ማይክል ፒዮር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት የራሱ የውስጥ የሥራ ገበያ እንዳለው ያስረዳሉ። ከውጭ የሚገባበት በር ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እድገት በመሰላል ነው። ስለሆነም ሥራ ፈላጊ ማወቅ ያለበት በሩ መከፈቱን ብቻ ሳይሆን ከበሩ በስተኋላ ያለው መሰላል የት እንደሚያደርስ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ በከተማችን ያሉት ባንኮኒዎች እኩል አይደሉም።

የባንክ መስኮት፦ ደመወዙ የተሻለና አስተማማኝ ነው። መሰላሉም ረጅም ነው፤ ነገር ግን የተተከለው ወደ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ነው። ማርኬቲንግ ክፍሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ መሻገሪያው የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ መወዳደር ነው። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ‹‹ማርኬቲንግ ሥራ›› ተብሎ የሚሰጠው ተቀማጭ የማሰባሰብ ኮታ ነው። አጎትን፣ አክስትንና የሰፈር ዕድርን ለምኖ ደብተር ማስከፈት ዘመድን ይጨርሳል እንጂ የገበያ ዕውቀት አይጨምርም።

የአከፋፋይ መኪና፦ ከጅምላ መጋዘን ተነስቶ ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው ሻጭ ፀሐዩና አቧራው አለበት። ሆኖም ለማርኬቲንግ ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው። የተወዳዳሪን ዋጋ በየቀኑ ያያል፤ የትኛው ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደጠጣ ያውቃል። መሰላሉ ከሻጭ ወደ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያም ወደ አካባቢ ሽያጭ ኃላፊ ይወጣል። በመሃል ‹‹ትሬድ ማርኬቲንግ›› የሚባል፣ ዕቃ በሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥና ባለ ሱቁ በምን እንደሚበረታታ የሚወስን ክፍል ያለባቸው ድርጅቶች አሉ። መሻገሪያ ድልድዩ እዚያ ጋ ነው።

የጥሪ ማዕከል፦ እዚህ ያለ ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚሰማውን ቅሬታ ሌላው በወር አይሰማውም፤ የጥሪው ምክንያትም ኮምፒዩተር ላይ ይመዘገባል። የመረጃ ሀብቱ ትልቅ ነው። ችግሩ ንግግሩ ተጽፎ የተሰጠ፣ ጊዜው በደቂቃ የሚለካ፣ ሠራተኛውም ከውሳኔ ሰጪው የራቀ መሆኑ ነው።

የትንሽ ድርጅት ባንኮኒ፦ መሰላል የለውም፤ ማርኬቲንግ ክፍልም የለውም። ነገር ግን ባለቤቱ ጋ ለመድረስ የአንድ በር ርቀት ነው። ነገር የሚገባው ባለቤት ከተገኘ ክፍሉን ራሱ ሠራተኛው ሊፈጥረው ይችላል። ካልተገኘ ደግሞ አሥር ዓመት ‹‹ምን ልታዘዝ?›› እንዳሉ መኖር ነው።

የእኔ ደብተር

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ቀለም አከፋፋይ ድርጅት ባንኮኒ ላይ ነበር። ድርጅቱ የሚሸጠው በጋሎንና በባልዲ ብቻ ነው። በየቀኑ ግን በርና መስኮት ብቻ ለማደስ የሚፈልግ ሰው ይመጣና ‹‹ሩብ የለም?›› ይላል። የለም እንላለን፤ ሰውየው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ደንበኛ አንድ ጭረት መጫር ጀመርኩ። ወሩ ሳያልቅ አንዱ ገጽ በጭረት ሞላ።

ይህን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ወደ ባንክ ሊወጡ ሲጣደፉ፣ ቆመው ነው የሰሙኝ። ደንበኛ እየሸሸን ነው፣ ትንሽ ቆርቆሮ ቢኖር ጥሩ ነው አልኳቸው። እናየዋለን አሉኝ። በዚያ ዓመት የማስተዋወቂያው በጀት ለካላንደር፣ ለኮፍያና ለቲሸርት ዋለ። ካላንደሩን ከወሰዱት ውስጥ ‹‹ሩብ የለም?›› ብለው የተመለሱትም ነበሩ።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በአለቃዬ ላይ ስጭን ኖርኩ። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ መሆኑን ያየሁት አብራኝ ትሠራ ከነበረች ባልደረባዬ ነው። እሷ እኔ ከለቀቅሁ በኋላ ያንኑ ነገር በአንድ ገጽ ጽፋ አቀረበችው። ቅሬታ አላለችውም። በወር ስንት ደንበኛ ሳይገዛ እንደሄደ፣ እያንዳንዱ ቢገዛ ስንት ብር ያስገባ እንደነበር፣ ትንሹ ቆርቆሮ ስንት ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቅ አሰላች። መጨረሻ ላይ የጠየቀችው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በአንድ ሱቅ ብቻ፣ ለአንድ ወር ብቻ ይሞከር የሚል ነው። አለቃው ተመሳሳይ ሰው ናቸው። የእኔን ‹‹እናየዋለን›› ያሉት የሷን ፈረሙበት። ዛሬ በሌላ ድርጅት ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ለቃለ መጠይቅ ይዛ የገባችው ሰነድም ያ አንድ ገጽ ነበር።

የእኔ ጭረት ወሬ ነበር። የሷ ወረቀት ደግሞ ውሳኔ የሚጠብቅ ሐሳብ ነበር። በባንኮኒና በማርኬቲንግ ክፍል መካከል ያለው ርቀት ይህችው ናት።

ስሌቱ እንዴት ነው?

ነገሩን በብር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ድርጅት ለሬዲዮ ማስታወቂያ 150,000 ብር አወጣ እንበል። በዚህ ምክንያት 300 አዲስ ደንበኛ መጣ። አንድ ደንበኛ 500 ብር ተገዛ ማለት ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ በወር 120 ብር ያልተጣራ ትርፍ ቢሰጥ፣ ወጪው የሚመለሰው ከአራት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ደንበኛው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ቢሸሽስ? የሰጠው ትርፍ 360 ብር ብቻ ነው፤ ድርጅቱ በአንድ ደንበኛ 140 ብር፣ በ300ው ደግሞ 42,000 ብር ከስሯል።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ተጨማሪ ማስታወቂያ ነው። ይህም ኪሳራውን ማብዛት ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹በሦስተኛው ወር ለምን ይሄዳሉ?›› የሚል ነው፤ መልሱን የሚያውቀው ደግሞ ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። አቅርቦት ስለሚቆራረጥ ይሆናል፤ ዱቤ ስለተከለከሉ ይሆናል፤ ወይም የማድረሻው መኪና ስለሚዘገይ ይሆናል። ይህን ምክንያት ቆጥሮ የሚያቀርብ ሠራተኛ የቱንም ያህል ጀማሪ ቢሆን የማርኬቲንግ ሥራ ጀምሯል።

ስለዚህ ባንኮኒ ላይ ያለ ሰው በየቀኑ አራት ነገር ይመዝግብ፦ ተጠይቆ ያልተገኘው ምንድን ነው? ሳይገዛ የሄደው በምን ምክንያት ሄደ? አዲስ ደንበኛ ስለ እኛ ከማን ሰማ? የቀድሞ ደንበኛ ወደ ማን ዞረ? በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ኤክሴል ያስገባው፤ በወር አንድ ጊዜ በአንድ ገጽ፣ ከአንድ ትንሽ የሙከራ ሐሳብ ጋር ያቅርበው። ከአንድ ገጽ ከበለጠ አይነበብም። የሚመዘገበው ምክንያቱ እንጂ የደንበኛው ስምና ሒሳብ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የባንክ ምስጢር ድሮም የተከበረ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ።

ሙያው ዛሬ ሌላም ነገር ይጠይቃል። የማኅበራዊ ድረ ገጽ ማስታወቂያ ስንት ሰው ጋ ደርሶ ስንቱ ገዛ ብሎ መተንተን የማይችል ሰው፣ የደንበኛ ዕውቀቱ ቢበዛም ማስታወቂያ ሲወጣ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም። በዲግሪ ደረጃ ማርኬቲንግ ያልተማረ የማታ ትምህርቱን ሊያስብበት ይገባል። ባንኮኒው ትምህርቱን አይተካም፤ ትምህርቱም ባንኮኒውን አይተካም።

የስም ማርኬቲንግ

አሁን ደግሞ ስለ ወጥመዱ። ‹‹ማርኬቲንግ ኦፊሰር›› ተብሎ ተቀጥሮ፣ ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረው፣ ተያዥ አስጠርቶ፣ በኮሚሽን ብቻ የሚዞር ወጣት በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለም። ሽያጭ ክቡር ሥራ ነው፤ የሚያስነውረው በሌላ ስም መጥራቱ ነው። ስለሆነም ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ከዚህ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው አሁን የት ነው? ወደ ውስጥ አድጎ ከሆነ መሰላል አለ። በየስድስት ወሩ እየለቀቁ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ሁለተኛ፣ ከገቢዬ ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ ኮሚሽን ነው? ኮሚሽኑስ የሚከፈለው ዕቃው ሲሸጥ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲሰበሰብ? የዱቤ ደንበኛ ቢጠፋ ዕዳው በማን ላይ ነው? ሦስተኛ፣ የማርኬቲንግ ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው፣ እሱንስ በወር ስንት ጊዜ አገኘዋለሁ?

ሙከራው ላይም ሕጉን ማወቅ ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ‹‹ስድስት ወር በሙከራ እናይሃለን›› የሚል አሠሪ ገና ከበሩ ሕጉን አልጠበቀም።

የጊዜ ገደብም ያሻል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል መባሉ እውነት ነው፤ ያልታቀፉት እንቁላል ግን ይገማል እንጂ አይሄድም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ ገጽ ቀርቦ አንዱም ካልተሞከረ፣ መሰላሉ እዚያ ቤት እንደሌለ አውቆ ወረቀቶቹን ይዞ ሌላ በር ማንኳኳት ነው። የተጻፈው ዕውቀት የጸሐፊው ነው፤ ከአለቃው ጋር አይቀርም።

ለአሠሪዎች

በብዙ ድርጅት መግቢያ ላይ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝም። ከሣጥኑ ሥር የተቀመጠችው እንግዳ ተቀባይ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ ታውቃለች። የሚጠይቃት የለም።

ይህን ማስተካከል ብዙ ብር አያስወጣም። በወር አንድ ጊዜ ዋጋና ማስታወቂያ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ አንድ የባንኮኒ ሠራተኛ ይቀመጥ። አዲስ የሚቀጠር የማርኬቲንግ ባለሙያ ደግሞ ጠረጴዛ ከመያዙ በፊት አንድ ወር ባንኮኒ ላይ ይቁም። ከሠራተኛ የመጣ ሐሳብ ተሞክሮ ገንዘብ ሲያስገባ የሐሳቡ ባለቤት ስሙ ይጠራ፣ ድርሻውም ይሰጠው። የማርኬቲንግ ክፍል ክፍት ቦታ ሲኖር መጀመሪያ የውስጥ ማስታወቂያ ይውጣ። ሠራተኛው የሚጽፈው የሚያነብለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ይህን የማያደርግ ድርጅት ሠራተኛውን ብቻ አያጣም። ሠራተኛው ሲሄድ የደንበኛውን ጠባይ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሚሄደውም ብዙ ጊዜ ወደ ተወዳዳሪ ነው። የውጭ ባንክና የውጭ ቸርቻሪ በሩ ላይ በቆመበት በዚህ ወቅት፣ ያን ዕውቀት በደህና ደመወዝ የሚገዛ አይጠፋም።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ ከባንኮኒ ወደ ማርኬቲንግ ክፍል መንገድ አለ። በራሱ ግን አይወስድም። ወንበሩ የሚሰጠው ደንበኛውን ማየት ብቻ ነው፤ ያዩትን መቁጠር፣ የቆጠሩትን በብር መተርጎም፣ የተረጎሙትን በአንድ ገጽ ማቅረብ የባለ ወንበሩ ድርሻ ነው። ገጹን ማንበብ ደግሞ የባለ ድርጅቱ።

ነገ ጠዋት ሱቅዎን ሲከፍቱ ባንኮኒ ላይ ያለውን ልጅ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ‹‹ትናንት ምን ተጠይቀህ የለም አልክ?›› መልሱን ወዲያው ከነገረዎት፣ የማርኬቲንግ ባለሙያ ፍለጋ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ደግመው ያስቡበት።